የሚመለሱትን መቁጠር፦ ስለ ጀማሪ የስኪ ቡድን አሠልጣኝነት



በየዓመቱ በኖቬምበር አጋማሽ በሚኒሶታ የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለአገር አቋራጭ ስኪ ቡድናቸው ምዝገባ ይከፍታሉ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ተማሪ ሊገባ ይችላል፤ በብዙዎቹ ዘንድም ፈትኖ የሚያስቀር የለም። ስለዚህ ከልጅነቱ ጀምሮ በስኪ ላይ ያደገው ልጅና ስኪ በእግሩ አስሮ የማያውቀው ልጅ በአንድ ዝርዝር ላይ ይሰፍራሉ። ወላጆቹ በረዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ካደጉ በኋላ የሆነ የአገራችን ልጅም በሩ እኩል ተከፍቶለታል። አሠልጣኙ በእጁ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ፌብሩዋሪ ሲያልቅ ይህ አሠልጣኝ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ወይም አልሠራም የምንለው በምን መዝነን ነው? የተለመደው ሚዛን የውድድር ውጤት ነው፤ ቡድኑ ስንተኛ ወጣ፣ ስንት ልጅ ሜዳልያ አጠለቀ ይባላል። እኔ የምሟገትለት ሚዛን ሌላ ነው። የጀማሪዎች አሠልጣኝ ሥራ የሚመዘነው በመጀመሪያው ዓመት ከጀመሩት ልጆች መካከል ምን ያህሉ በሚቀጥለው ኖቬምበር እንደተመለሱ፣ ሲመለሱም ምን መሥራት እንደሚችሉ በመቁጠር ነው። ይህን የምለው ልጆችን ለማባበል ወይም ውድድርን ለመንቀፍ አይደለም። የስኪ ጠባይ፣ የልጅ ሰውነት አስተዳደግና እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ሁሉ ወደዚያ ስለሚያመራ ነው።

ከስፖርቱ ጠባይ እንጀምር። አገር አቋራጭ ስኪ ሩቅ ሆኖ ለሚያየው የጉልበትና የትንፋሽ ጨዋታ ይመስላል፤ ትንፋሽን ከሚፈትኑ ስፖርቶች አንዱ መሆኑም እውነት ነው። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያው ፈተና ትንፋሹ አይደለም። ክላሲክ በሚባለው ስልት ስኪዎቹ በበረዶው ላይ በተሠሩ ሁለት ትይዩ ቦዮች ውስጥ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ስኪ መሐሉ ላይ ወደ ላይ የቀሰተ ነው፤ የሰውየው ክብደት በሁለቱም እግሮች ላይ ሲከፈል የቅስቱ መሐል በረዶውን ሳይጫን ይንሸራተታል። ክብደቱ ሙሉ በሙሉ በአንድ እግር ላይ ሲያርፍ ግን ቅስቱ ይተኛል፣ መሐሉ ላይ ያለው ሰም ወይም ሸካራ ገጽ በረዶውን ይቆነጥጣል፣ ልጁም ወደ ፊት መግፋት ይችላል። እንግዲህ የስልቱ ሁሉ ቁልፍ መላ ሰውነትን አምኖ በአንዲት ቀጭንና በምታንሸራትት ስኪ ላይ መጣል ነው። ጀማሪ ልጅ ደግሞ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ መውደቅን ስለሚፈራ ክብደቱን ለሁለቱም እግሮች ያካፍላል፣ ስኪውም ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል፣ በእጁ ብቻ እየጎተተ ይደክማል። ስኬቲንግ የሚባለው ሌላው ስልት የተስፋፋው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ አሜሪካዊው ቢል ኮክ በዚህ ስልት በ1982 የዓለም ዋንጫን ካነሣ በኋላ ክላሲክና ነፃ ስልት በየራሳቸው ውድድር ተከፈሉ። በስኬቲንግ ስኪዎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ በአንድ እግር ላይ ሚዛን ጠብቆ መንሸራተት የሚጠይቀው ጊዜም ከክላሲኩ ይበልጥ ይረዝማል። ይህ ሚዛን በሦስት ወር አይጠናቀቅም። ብዙ ልጆች መንሸራተት ምን እንደሆነ በሰውነታቸው የሚረዱት የመጀመሪያው ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሁለተኛውን ወቅት ያልጀመረ ልጅ የድካሙን ፍሬ ሳያይ ሄደ ማለት ነው፤ አሠልጣኙም ዘርቶ ሳያጭድ ቀረ። የመመለስ ቁጥር ዋና ሚዛን የሚሆንበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለይቶ ያቅዳል። ልጆቹ በእጃቸው ይዘው የሚገፉባቸውን ዘንጎች ይሰበስባል፤ ልጆቹ ያለ ዘንግ እንዲሄዱ ያደርጋል። ዘንግ የያዘ ጀማሪ ይደገፍበታል፤ የተነጠቀ ግን በእግሩ ላይ ከመቆም ሌላ አማራጭ የለውም። ቀጥሎ አንድ ስኪ ብቻ አስሮ በሌላው እግር እየገፋ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ ከዚያ እግር ይቀይራል። ከዚያ አባሮሽ፣ ዱላ ቅብብልና በስኪ ላይ ኳስ ይመጣሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ጊዜ ማባከን ይመስላል። ነገር ግን አባሮሽ የሚጫወት ልጅ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውራል፣ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ዓይኑ በሚያባርረው ልጅ ላይ እንጂ በስኪው ጫፍ ላይ ሳይሆን ነው፤ ዓይን ወደ ታች ሲል ሚዛን እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሁሉ የዚህን ዋጋ ይረዳል። አሠልጣኙ በቃል ሲያስተምር ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ዛሬ ቁርጭምጭሚት ማጠፍ ከሆነ ስለ እጅ አያነሣም። አወዳደቅና አነሣስም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ልጁ ወደ ጎን መውደቅን፣ ስኪዎቹን ከቁልቁለቱ አግድም አድርጎ በጉልበቱ መነሣትን በመጀመሪያው ቀን ካወቀ ፍርሃቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ቁልቁለትም ግርጌው ሜዳ ወይም ትንሽ ዳገት ያለው ይሁን፤ መቆም ያልተማረን ልጅ መልክዓ ምድሩ ራሱ ያቆመዋልና። ሐይቅ ዳር ያለ ጠፍጣፋ ሜዳና አንዲት ትንሽ ጉብታ ለአንድ ወር ትምህርት ይበቃሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዕቃ ነው፤ ይህ ጉዳይ በተለይ እኛን ወላጆችን ይነካል። እየሰፋለት እንዲሄድ ብለን ለልጅ ጫማ አንድ ቁጥር አስበልጠን የመግዛት ልማድ አለን። በስኪ ይህ ልማድ ትምህርቱን ያበላሻል። ለከባድ ሰው የተሠራ ጠንካራ ስኪ ቀላል ልጅ ሲቆምበት ቅስቱ አይተኛም፤ ልጁ ክብደቱን በትክክል በአንድ እግር ላይ ቢጥልም ስኪው አይቆነጥጥም። ልጁ ጥፋቱ የዕቃው መሆኑን አያውቅም፤ እኔ አልችልም ብሎ ይደመድማል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ልጁ በጠፍጣፋ ወለል ላይ በሁለቱም ስኪዎች ላይ እኩል ቆሞ ሳለ በእግሩ ሥር ወረቀት ይሰደዳል። ወረቀቱ በሁለት እግር ሲቆም በነፃ ከተንቀሳቀሰ፣ ክብደቱን በአንዱ ላይ ሲጥል ደግሞ ከተያዘ ስኪው ይመጥነዋል። ለጀማሪ የሚመረጠው ሰም የማይፈልገው፣ ከሥሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተጠረበ ወይም ፀጉራማ ጨርቅ የተለጠፈበት ስኪ ነው፤ በየቀኑ የበረዶውን ሙቀት እየለኩ ሰም መቀባት ኋላ የሚደረስበት ዕውቀት ነው። በውድ ሰም መሽቀዳደም እንኳ ዛሬ ከቀድሞው ተገድቧል፤ ፍሎሪን ያለባቸው ሰሞች ለጤናና ለአካባቢ ጎጂ በመሆናቸው ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ከ2023–24 የውድድር ወቅት ጀምሮ በውድድሮቹ ላይ እገዳውን ሥራ ላይ አውሏል። የልብስም ነገር እንዲሁ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ይረጥባል፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ከሥር ስስ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ልብስ፣ ከላይ ነፋስ የሚከለክል ይበቃል። ለስኪ የሚወጣ ልጅ ሲጀምር ትንሽ ሊበርደው ይገባል፤ ደራርቦ የወጣ ልጅ ከሩብ ሰዓት በኋላ በላብ ይጠመቃል፣ ሲቆም ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

ብርዱና ጨለማው ራሳቸው ልጅን የሚያስኮበልሉ ነገሮች ናቸው። በዲሴምበር ሚኒያፖሊስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ከትምህርት በኋላ የሚደረግ ልምምድ በአብዛኛው በመብራት ሥር ነው። ደግነቱ እንደ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክና ብሉሚንግተን እንዳለው ሃይላንድ ሌክ ያሉ ቦታዎች መብራት የተዘረጋባቸውና በማሽን በረዶ የሚሠራባቸው መንገዶች አሏቸው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ውድድር እንዲራዘም ወይም እንዲሰረዝ ይደነግጋል። ይህ ለሠለጠኑ አዋቂዎች የተበጀ ወሰን ነው፤ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ጀማሪ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ወደ ቤት መግባት አለበት። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አንዱ የሌላውን ጉንጭና አፍንጫ ነጭ ነጠብጣብ እንዳያወጣ እንዲያይ ማድረግ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንብርት እንግባ፤ የውድድር ውጤት ለምን መጥፎ ሚዛን ይሆናል? ልጃገረዶች ቁመታቸው በፍጥነት የሚመዘዘው በአማካይ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ ወንዶች ደግሞ አሥራ አራት ገደማ። አማካይ ነው ስንል ግን አንዱ ልጅ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ሌላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል ማለታችን ነው። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት የአሥራ ሦስት ዓመት ወንዶች በሰውነት ብስለት የሦስትና የአራት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ረዘም ያለ እጅና ጠንከር ያለ ትከሻ ያለው ልጅ ስልቱ ደካማም ቢሆን በዘንጉ እየገፋ ያሸንፋል። በዚያ ዕድሜ የሰዓት ቆጣሪው የሚነግረን በአመዛኙ ጉርምስና ለማን ቀድሞ እንደመጣ ነው። በዚህ ላይ የትምህርት ቤት ውድድር ነጥብ የሚሰላው ከጥቂት ፈጣን ልጆች ውጤት ነው፤ ከነሱ በኋላ የገባው ልጅ አርባኛም ይሁን ሰባኛ ለቡድኑ ድምር ለውጥ አያመጣም። በውጤት ብቻ የሚመዘን አሠልጣኝ እንግዲህ ጊዜውን ሁሉ ቀድመው ለጎረመሱት ቢሰጥ ሊደንቀን አይገባም፤ ሚዛኑ ራሱ የሚገፋው ወደዚያ ነውና። የዘገየው ልጅ በበኩሉ ማንም ሳይነግረው መልእክቱን ይሰማል፤ ጫማውን ይሰቅላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውነቱ ሲደርስ ግን በቡድኑ ውስጥ የለም።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ተመራማሪ አርነ ጉሊክና ባልደረቦቹ በብዙ አገሮችና በብዙ የስፖርት ዓይነቶች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው፣ ከ6,000 በላይ የሆኑ አትሌቶችን ታሪክ መርምረዋል። ያገኙት ነገር ለቸኮለ ወላጅ የሚዋጥ አይደለም። በአዋቂነታቸው ከዓለም ቁንጮ የደረሱት፣ ከነሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በልጅነታቸው ብዙ ዓይነት ስፖርት የሠሩ፣ ዋናውን ስፖርታቸውን ዘግይተው የጀመሩና መጀመሪያ ላይ ዕድገታቸው ዝግ ያለ ነበሩ። በወጣትነታቸው የደመቁት ግን ተቃራኒውን መንገድ የሄዱ ናቸው፤ ቀድመው ጀመሩ፣ በአንድ ስፖርት ተወሰኑ፣ ቶሎ ፈጠኑ። ከዚህ ተነሥቶ መዘግየት ሻምፒዮን ያደርጋል ማለት አይቻልም፤ ጥናቱ አብረው የሚታዩ ነገሮችን አሳየ እንጂ አንዱ ሌላውን እንደወለደ አላረጋገጠም። ለኔ ክርክር የሚያስፈልገኝ ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ካልቸኮልን ልጁ ያመልጠዋል የሚለው ስጋት መሠረት እንደሌለው ማሳየቱ ይበቃኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የተገኘ ድል በአሥራ ስድስት ዓመት በመሰላቸት ከተከፈለበት ትርፉ የት አለ?

ሌላው ማስረጃ ኖርዌይ ናት። የኖርዌይ የስፖርት ኮንፌዴሬሽን በልጆች ስፖርት ላይ ደንብ ያወጣው በ1987 ነው፤ በ2007 ደግሞ የልጆችን መብቶች የሚዘረዝር ሰነድ አጸደቀ። በደንቡ መሠረት ልጆች በአካባቢያቸው ውድድር የሚሳተፉት ስድስት ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት ጀምሮ ነው፤ የውጤት ዝርዝርና ደረጃ ማውጣት የሚፈቀደው አሥራ አንድ ከሚሞላቸው ዓመት ወዲህ ነው፤ አገር አቀፍ ሻምፒዮና ደግሞ አሥራ ሦስት ሳይሞላቸው አይታሰብም። በልጆች ውድድር ሽልማት ከተሰጠ ለሁሉም ይሰጣል። ይህች አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት አገር በ2018 በፕዮንግቻንግ የክረምት ኦሎምፒክ 39 ሜዳልያዎችን ሰበሰበች፤ በ2022 በቤጂንግ 16 ወርቅ አገኘች። እዚህ ላይ ወዲያው የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ኖርዌይ በረዶ አላት፣ ሀብት አላት፣ ልጆቿ ከመራመዳቸው ጋር ስኪ ያስራሉ፤ ሜዳልያውን ያመጣው ይህ እንጂ ደንቡ አይደለም ይባላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ደንቡ ሜዳልያውን ወለደ የሚል ሰው ከማስረጃው በላይ ይናገራል። ነገር ግን የልጆችን ደረጃ አለማውጣት አገርን ያዳክማል የሚለው ወገን ከዚህ የባሰ ችግር አለበት፤ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ልጆቿን ያላስቸኮለች አገር እንዴት በዓለም ፊት እንዳልተዳከመች ማስረዳት ይኖርበታል። ሌላ ተቃውሞም አለ፤ የሚኒሶታ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የኖርዌይ ገደብ እየተነሣለት ነው ማለት ነው። ይህም እውነት ነው። ግን የኖርዌዩ ልጅ አሥራ ሦስት ሲሞላው በስኪ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ የኛው ጀማሪ ዕድሜው ይድረስ እንጂ በስኪ ላይ ገና የሳምንታት ልጅ ነው። የደንቡን ፊደል ሳይሆን መንፈሱን ከወሰድን፣ ሊለካ የሚገባው የልደት ቀኑ ሳይሆን በበረዶ ላይ ያሳለፈው ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚበረታው ተቃውሞ ግን ከአኗኗራችን የሚነሣው ነው። ሕይወት ውድድር ናት፤ ልጅን ከሽንፈት ጠብቆ ማሳደግ ነገ ለባሰ ሽንፈት ማዘጋጀት ነው የሚል ወላጅ ብዙ ነው፤ ስደት ያሳለፈ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ለዚህ መልሴ ውድድሩ ይቅር የሚል አይደለም። የትምህርት ቤት ቡድን ይወዳደራል፤ ጀማሪውም መለያ ቁጥር ለብሶ መነሻው መስመር ላይ ሊቆም ይገባል፤ ልቡ ሲመታና ሲሸነፍም ማየት አለበት። የምለው አሠልጣኙ ከውድድሩ ምን ቆጥሮ ለልጁ ይንገረው ነው። ሰባኛ ወጣህ ማለት ይቻላል፤ ባለፈው ወር ወደ ጎን እየረገጥክ የወጣኸውን ዳገት ዛሬ እየሮጥክ ወጣኸው ማለትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ልጁ ነገ ሊያሻሽለው የሚችለውን ነገር ይጠቁመዋል። የመጀመሪያው ሌሎች ልጆች በፈጠኑ ቁጥር የሚዋዥቅ፣ ከልጁ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ቁጥር ነው። ፈጣኑንና ዘገምተኛውን አደባልቆ የሚደረግ ዱላ ቅብብልም እውነተኛ ውድድር ነው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ልጅ ለውጤቱ ማስፈለጉ ብቻ ነው። ጽናት የሚገነባው ሽንፈትን ደጋግሞ በመቅመስ ብቻ ሳይሆን ሥራና መሻሻል እንደሚገናኙ ደጋግሞ በማየት ነው። ይህን ግንኙነት ያላየ ልጅ ሽንፈቱ አያጠነክረውም፤ ያርቀዋል።

ሌላው ብርቱ ጥያቄ ስለ ፈጣኑ ልጅ ነው፤ አሠልጣኙ ጀማሪውን ሲንከባከብ ተሰጥኦ ያለው ልጅ አይበደልም ወይ? አንዳንዴ ይበደላል። የአንድ አሠልጣኝ ሰዓት ውሱን ነው፤ ለአርባ ጀማሪ አወዳደቅ ሲያስተምር የዋለ ሰው ለአንዱ ፈጣን ልጅ የሚተርፈው ጊዜ አነስተኛ ነው። ቡድኑን በችሎታ መክፈል፣ ረዳት አሠልጣኝ መጨመር፣ ትላልቆቹን ለትንንሾቹ አስተማሪ ማድረግ ችግሩን ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም። ሆኖም የፈጣኑ ልጅ ጥቅም ከቡድኑ ስፋት ጋር የተያያዘ ነው። በ2018 ከኪካን ራንዳል ጋር ለአሜሪካ የመጀመሪያውን የአገር አቋራጭ ስኪ የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣችው ጄሲ ዲጊንስ የሚኒሶታዋ የአፍተን ልጅ ናት፤ ለስቲልዋተር ትምህርት ቤት ተወዳድራለች። በሩ ለሁሉ ክፍት የሆነ የትምህርት ቤት ስፖርት ኮከብ ማፍራት እንደማይሳነው ከሷ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ዲጊንስ ሌላም ነገር አስተምራናለች፤ በወጣትነቷ በአመጋገብ ሕመም ተይዛ መታከሟን በአደባባይ ተናግራ፣ ሌሎች ወጣቶችም እርዳታ እንዲጠይቁ ስታበረታታ ቆይታለች። የጽናት ስፖርት ለዚህ ሕመም የሚያጋልጥ ጎን አለው። ስለዚህ አሠልጣኝ የልጆችን ክብደት አይመዝን፣ ስለ ሰውነታቸው ቅርጽ አይናገር፣ ቀጠን ካልክ ትፈጥናለህ የሚል ቃል ከአፉ አይውጣ። ውጤትን ብቻ የሚቆጥር ሚዛን ፈጣኑንም ልጅ ሊጎዳው የሚችለው በዚህ በኩል ነው፤ ያ ልጅም ቢሆን በሚቀጥለው ዓመት በጤናው እንዲመለስ እንፈልጋለን።

የራሴን ሚዛን የሚነካ ተቃውሞም አለ፤ ልጆችን እያጫወተ፣ ትኩስ ቸኮሌት እያጠጣ ምንም የማያስተምር አሠልጣኝም ብዙ ልጅ ሊመለስለት ይችላል፤ ታዲያ የመመለስ ቁጥር ምን ያሳያል? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ መነሻዬ ላይ የተመለሱትን ከመቁጠር ጋር ምን መሥራት እንደሚችሉ ማየትን አብሬ ያነሣሁት ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ወቅት መጨረሻ ጀማሪው ያለ ዘንግ በሜዳ ላይ ሊንሸራተት፣ መካከለኛ ቁልቁለት ላይ ስኪዎቹን ከኋላ ከፍቶ ፍጥነቱን ሊገታ፣ ወድቆ ያለ ረዳት ሊነሣ፣ ጥቂት ኪሎሜትሮችንም ሳያቋርጥ ሊጨርስ ይገባል። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩና ሌላ ልጅ ስለፈጠነ የማይለወጡ ናቸው። ሁለተኛው፣ ባዶ ጨዋታ ዕድሜው አጭር ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው በአንድ ሥራ በራሱ ፍላጎት የሚቆየው ሦስት ነገሮችን ሲያገኝ ነው ይላሉ፤ የራሱ ምርጫ እንዳለው፣ ችሎታው እያደገ መሆኑን፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰሩን ሲረዳ። ጨዋታው መተሳሰሩን ይሰጣል፤ የማይሻሻል ልጅ ግን ሁለተኛው ይጎድለዋልና አንድ ዓመት ቢመለስ ሁለተኛውን አይደግምም። በመቆየት የሚመዘን አሠልጣኝ እንግዲህ ማስተማር አይቀርለትም።

በማኅበረሰባችን ውስጥ ደግሞ ለየት ያሉ ጥርጣሬዎች አሉ። ይህ የነሱ ስፖርት ነው፤ የኛ ልጅ ይሩጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። በበቆጂ መምህር ስንታየሁ እሸቱ ያፈሯቸውን ደራርቱንና ቀነኒሳን የሚያውቅ ሕዝብ ሩጫን ቢያስቀድም ተገቢ ነው፤ ሩጫውም ከስኪው ጋር አይጣላም፤ አንዱ በበጋ ሌላው በበረዶ ስለሚሠራ ይደጋገፋሉ። መጠንቀቅ ያለብን የሯጭ አገር ልጅ ስለሆነ ይችለዋል ብሎ በመጀመሪያው ወር ውጤት መጠበቅን ነው፤ ጥሩ ትንፋሽ ሚዛን በሌለው እግር ላይ ይባክናል። የኛ አይደለም ለሚለው ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም መልስ ይሆናል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ሮቤል ስኪን በትምህርት ቤት ዕድሜው ተማረ፤ በ2006 በቶሪኖ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨርም ተመለሰ። በሁለቱም ከፊት አልገባም። በውጤት ሚዛን ስሙ በዝርዝሩ ግርጌ ያለ ነው፤ በመጽናት ሚዛን ግን ዘግይቶ የጀመረ ልጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ያሳየ ነው። ወጪውንና ትምህርቱን የሚያነሡ ወላጆች ይበልጥ ተጨባጭ ነገር ያነሣሉ። ሆኖም ያገለገለ ዕቃ መግዛት፣ መከራየትና ከትምህርት ቤቱ መዋስ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ፤ ለዕድገቱ ተብሎ የተገዛ የማይመጥን አዲስ ስኪ ከሚመጥን አሮጌ ስኪ ይከፋል። ልምምዱ የጥናት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጨለማውና ብርዱ ለወራት ቤት በሚዘጋበት አገር፣ ልጁ ከስልኩ ተለይቶ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስበት ሰዓት ከጥናቱ የተሰረቀ ነው ወይስ ጥናቱን የሚያግዝ ነው የሚለውን እያንዳንዱ ቤት የልጁን ሁኔታ አይቶ ይወስን።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ተግባር ከባድ አይደለም። አሠልጣኙ በኖቬምበር የጀማሪዎቹን ስም ይመዝግብ፤ በፌብሩዋሪ እያንዳንዱ የሚችለውን ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ኖቬምበር የጎደለውን ስም ፈልጎ ለምን እንደቀረ ይጠይቅ። ምክንያቱ ብርድ ከሆነ ልብሱን፣ ስኪው ከሆነ ዕቃውን፣ ውድድሩ ከሆነ የራሱን አነጋገር ያስተካክል። የሄደ ልጅ ምክንያቱን ሲናገር ከውድድር ሠንጠረዥ የማይገኝ መረጃ ይሰጣል። ትምህርት ቤቶች አሠልጣኝ ሲገመግሙ ከዋንጫው ጎን ይህን ቁጥር ያስቀምጡ፤ ያልተጠየቀ ነገር አይሠራምና። እናንተም ወላጆች ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ቡድኑ ባለፈው ዓመት ስንተኛ ወጣ ብላችሁ አትጠይቁ። አሠልጣኙን፣ ባለፈው ዓመት ከጀመሩት ልጆች ዘንድሮ ስንቶቹ ተመልሰዋል፣ ያልተመለሱትስ ለምን ቀሩ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩንና ምክንያቱን የሚያውቅ አሠልጣኝ ካገኛችሁ፣ ቡድኑ የመጨረሻ ቢወጣም ልጃችሁን ስጡት።